ምሕላና ፍርድ

እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም ይላል ያገሬ ሰው። በትር ካልቆረጠ በምን እንደሚመታ ግን፣ በልጅነቴ አንድ ቀን በዓይኔ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ዘመኑ የ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ወሩ መስከረም ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው ደጋ ላይ ባለችው መንደራችን ገብሱ ለእሸት ደርሶ ሳለ፣ ከቀትር በኋላ የወረደ በረዶ ማሳውን ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመሬት ጋር አጣበቀው። አባቴ ከማሳው ሲመለስ አንድ እፍኝ የተሰበረ እሸት ይዞ ነበር። መደቡ ላይ ተቀመጠና እሸቱን እያየ፣ እስኪመሽ ድረስ አንድ ቃል ሳይናገር ቀረ።

በማግስቱ ምሕላ ተያዘ። ወንዱም ሴቱም ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያኑን ዞረ፤ እግዚኦታው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላቋረጠም። የደብሩ አለቃ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው በደላችንን አንድ በአንድ ቆጠሩልን፤ የመበለቲቱን ድንበር ገፍተናል፣ በሐሰት ምለናል፣ የሠራተኛ ዋጋ አስቀርተናል አሉ። ሕዝቡም በየቃሉ ራሱን እየነቀነቀ «እውነት ነው» ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጉባኤ አይቻለሁ፤ ሀብታሙና ድኻው፣ ካህኑና ገበሬው እንዲያ እኩል አንገቱን ደፍቶ «በእኛ ነው» ሲል ግን ደግሜ አላየሁም።

በዚያው ዕለት ማታ በየምድጃው ዙሪያ ሌላ ወሬ ተነሣ። በመንደሩ ዳር አንድ ቀጥቃጭ ነበር፤ እሱ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፣ ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች። ከጣና ማዶ የመጡ ናቸው ይባል ነበር እንጂ ዘራቸውን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። «በረዶው የወረደው በእነሱ ነው፤ ሴትዮዋ ገብሱን ትኩር ብላ ስታይ ታይታለች» ተባለ። ማን አያት ተብሎ ሲጠየቅም አንድ ምስክር ተገኘ። ያ ምስክር የስምንት ዓመት ልጅ የነበርሁት እኔ ነኝ። ወደዚህ ነገር በመጨረሻ እመለሳለሁ።

በአንድ ቀን፣ በአንድ መንደር፣ ከአንድ ሕዝብ አፍ ሁለት ቃል ወጣ። ጠዋት «በእኛ ኃጢአት ነው»፤ ማታ «በእነሱ ኃጢአት ነው»። ሁለቱም የተቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ እግዚአብሔር ለበጎ ሥራ ዋጋ ይከፍላል፣ ስለ ክፉ ሥራ ይቀጣል ከሚለው እምነት። ሆኖም የመጀመሪያው ምሕላ ነው፣ ሁለተኛው ፍርድ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለማወቅ፣ ይህን እምነት ከእኛ አስቀድሞ ወደ ያዘውና በእርሱም እጅግ ወደ ተፈተነው ሕዝብ፣ ወደ እስራኤል መጻሕፍት መሄድ ግድ ሆነብኝ።

መንገዱ እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም። ከምሥራቅ ጎጃም ሳንወጣ፣ የመርጡለ ማርያም ሰዎች ከክርስትና በፊት በደብራቸው መሥዋዕተ ኦሪት ይሠዋ እንደነበር በትውፊት ይናገራሉ፤ የጣና ቂርቆስ መነኮሳትም ስለ ደሴታቸው እንደዚሁ። ትውፊቱን በታሪክ ሚዛን መመዘን የሌላ ጽሑፍ ሥራ ነው። ኦሪት በዚህ ደጋ ሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ለማወቅ ግን ዝናም በዘገየበት በአንድ የሐምሌ ቀን ገበሬውን ማነጋገር ይበቃል። የሚናገረው ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28ን ነው። ሙሴ በዚያ ለሕዝቡ ሁለት መንገድ ያስቀምጣል፤ ሕጉን ብትጠብቅ ዝናም በወራቱ፣ እህል በጎተራህ፣ ፍሬ በማሕፀን ይሆንልሃል፤ ሕጉን ብትተው ሰማዩ እንደ ናስ፣ ምድሩ እንደ ብረት ይሆንብሃል የሚል ነው ሐሳቡ።

ይህን ምዕራፍ የሚያነብ ሁሉ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ቃሉ ከዳር እስከ ዳር የተነገረው ለሁለተኛ መደብ ነው፤ «አንተ» እያለ ነው የሚሄደው። ሙሴ እርግማኑን የዘረዘረው ስለ ሞዓብ ወይም ስለ ኤዶም አይደለም፤ ከፊቱ ለቆመው ለገዛ ወገኑ ነው። ነቢዩ አሞጽም በኋላ ይህን ይበልጥ አክርሮታል፤ እግዚአብሔር እስራኤልን ከአሕዛብ ሁሉ ለይቶ ማወቁ ከቅጣት ለማምለጫ ሳይሆን ይበልጥ ለመጠየቅ ምክንያት ሆነ ይላል። እንግዲህ የዋጋና የቅጣት ትምህርት በመጀመሪያ አቀማመጡ ሰው ራሱን የሚያይበት መስተዋት ነበረ። ጎረቤትን የሚያዩበት መስኮት አልነበረም።

መስተዋቱ ወደ ጎረቤት መዞሩ ግን አልቀረም። በባቢሎን ምርኮ ዘመን ልጆች የአባቶቻቸውን ዕዳ ይከፍላሉ የሚል ተረት በእስራኤል ዘንድ ተለምዶ ነበር፤ እኛም «የአባት ዕዳ ለልጅ» እንላለን። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ይህን ተረት ከአፋቸው እንዲያወጡት ተከራከረ፤ ልጅ በአባቱ፣ አባትም በልጁ ኃጢአት አይጠየቅም፣ እያንዳንዱ በገዛ ሥራው ነው አለ። መጽሐፈ ኢዮብ ደግሞ ወደ ነገሩ ልብ ገባ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ምንም አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። የተናገሩት እያንዳንዱ ቃል ከሕጉ የተወሰደ ነበር፤ ጻድቅ አይጠፋም፣ መከራ ያለ በደል አይመጣም፣ እንግዲያስ ንስሐ ግባ። በመጽሐፉ ፍጻሜ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በጠየቀው በኢዮብ ሳይሆን በመለሱት በወዳጆቹ ላይ ነው። በአገራችን የብሉይ ጉባኤ ቤቶች ይህ መጽሐፍ ስንት ዘመን ተተርጕሟል! የወዳጆቹ ንግግር ግን ዛሬም በየለቅሶ ቤቱ ይሰማል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ዕዝራ ሱቱኤል። ይህ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከብሉያት ጋር ይቆጠራል። የተጻፈው የሮማ ጦር እ.ኤ.አ. በ70 ዓ.ም. ሁለተኛውን ቤተ መቅደስ ካቃጠለ በኋላ፣ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ፣ በአንድ አይሁዳዊ እጅ እንደሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ። ደራሲው የራሱን ዘመን ኀዘን በጥንቱ በዕዝራ አፍ፣ በባቢሎን ምርኮ አስመስሎ ጻፈው። የመጀመሪያው የዕብራይስጥ ቅጂ ጠፍቷል፤ መጽሐፉን ካቆዩልን ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ግእዝ ነው። አይሁድ በእጃቸው ያላቆዩትን የአይሁድ ልቅሶ የእኛ አገር ደብተራዎች በብራና እየገለበጡ አቆዩት ማለት ነው።

የዕዝራ ጥያቄ ቀጥተኛ ነው። እኛ በድለናል፣ እሺ፤ ነገር ግን ያጠፉን ከእኛ ይሻላሉን? ጽዮን ፈርሳ ባቢሎን የምትበለጽገው በየትኛው ሚዛን ነው? መልአኩ ዑራኤል መልስ አይሰጠውም፤ ጥያቄን በጥያቄ ይመልሳል። የእሳትን ክብደት መዝንልኝ፣ የነፋስን ልክ ስፈርልኝ፣ ያለፈችውን ቀን መልስልኝ ይለዋል። ዕዝራ ግን በዚህ አይረካም። ከሰማይ በላይ ያለውን ልመርምር አላልሁም፣ በየቀኑ ስለሚደርስብን ነገር ነው የጠየቅሁ ብሎ ይሟገታል። ከዚያም ክርክሩ ወደማይጠበቅ ስፍራ ይዞራል። መልአኩ ጻድቃን ጥቂት፣ ጠፊዎቹ ብዙ እንደሚሆኑ በነገረው ጊዜ፣ ዕዝራ ስለ ራሱ መዳን ደስ አላለውም፤ ስለ ጠፊዎቹ መለመን ጀመረ። ሲለምንም ራሱን ከኃጥአን ጋር ቆጠረ። መልአኩ አንተ ከእነሱ ወገን አይደለህም ብሎ ገሠጸው፤ ወዲያው ግን ራስህን ዝቅ አድርገህ ከእነሱ ጋር በመቁጠርህ በልዑል ዘንድ ትመሰገናለህ የሚል ቃል ጨመረለት።

ይህን ክፍል ያስተማሩኝ መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ፋታ ይወስዱ ነበር። አንድ ቀን «የኔታ፣ ዕዝራ ለጥያቄው መልስ አገኘ ወይስ አላገኘም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ መልሱን አላገኘም፤ ቦታውን ነው ያገኘ» አሉኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም። ዛሬ የገባኝ ይህ ነው፤ ስለ ቅጣት የሚናገር ሰው ከየት ቆሞ እንደሚናገር አስቀድሞ መታየት አለበት።

ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ የተነሡት የአይሁድ ሊቃውንት፣ ረበናት የምንላቸው፣ በዚሁ ጥያቄ ላይ ብዙ መቶ ዓመታት ተከራክረዋል። ከመቅደሱ መፍረስ በፊት የነበረው የሶኮው አንቲጎኖስ፣ ዋጋ እንደሚጠብቁ ባሮች ሆናችሁ ጌታችሁን አታገልግሉ ብሎ አስተምሮ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ረቢ ያናይ ደግሞ የክፉዎችን ምቾትም ሆነ የጻድቃንን መከራ መተርጐም በእጃችን አይደለም አለ። በታልሙድ ሊቃውንቱ ሁለተኛው መቅደስ ስለ ምን ፈረሰ ብለው ሲጠይቁ የሰጡት መልስ ግን ከሁሉ ይልቅ እንደ ምሕላ ነው። ሕዝቡ ኦሪት ይማር፣ ትእዛዝ ይጠብቅ፣ ምጽዋት ይመጸውት ነበር፤ ጥፋቱ ያለ ምክንያት እርስ በርስ መጠላላቱ ነው አሉ። መቅደሱን በእሳት ያጋየው የሮማ ጦር መሆኑን እነሱም ያውቁ ነበር፤ ስለ ራሳቸው ሲጠይቁ ግን ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

በዚያው ታልሙድ በሦስተኛው መቶ ዓመት በጥብርያዶስ ስለ ነበረ ስለ ረቢ ዮሐናን የሚነገር ታሪክ አለ። ይህ ሰው ዐሥር ልጆቹን የቀበረ ነው፤ የዐሥረኛውን ልጁን አጥንት ይዞ እየዞረ የሚያዝኑትን ያጽናና ነበር ይባላል። አንድ ወዳጁ ታሞ ሊጠይቀው ገባና፣ ይህ መከራ በአንተ ዘንድ የተወደደ ነውን ብሎ ጠየቀው። መከራ ለጻድቅ ዋጋ ያመጣለታል የሚለውን የሊቃውንቱን ትምህርት ማስታወሱ ነው። ሕመምተኛውም መከራውንም ዋጋውንም አልፈልግም ብሎ መለሰ። ረቢ ዮሐናን ምንም አልተከራከረም፤ እጅህን ስጠኝ አለውና አነሣው። በኋላ ረቢ ዮሐናን ራሱ ሲታመም እርሱም ያንኑ መለሰ፤ በሌላ ሰው እጅም ተነሣ። ሌላውን ያነሣ ራሱን ማንሣት እንዴት አቃተው ቢሉ፣ የታሰረ ሰው ራሱን ከእስር ቤት አያወጣምና ነው ይላል መጽሐፉ። በኋላ ዘመን ታላቁ ሙሴ ማይሞኒድ (እ.ኤ.አ. 1138–1204) የዋጋና የቅጣትን እምነት ከዐሥራ ሦስቱ የሃይማኖት መሠረቶች ዐሥራ አንደኛው አድርጎ ጽፎታል። እምነቱ ጸንቶ ቆመ ማለት ነው፤ ነገር ግን በአልጋ ላይ ላለ ሰው የሚቀርበው እጅ እንጂ መሠረተ ሃይማኖት አልነበረም።

ከጣና ማዶ፣ በደምቢያ፣ በወገራና በሰሜን ተራሮች የኖሩት ቤተ እስራኤል ታልሙድን አያውቁትም ነበር። በእጃቸው የነበረው በግእዝ የተጻፈው ኦሪት፣ ነቢያት፣ ኩፋሌና የራሳቸው ጥቂት መጻሕፍት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ «ትእዛዘ ሰንበት» ይባላል። በዚህ መጽሐፍ ሰንበት እንደ ሰው ተመስላ በእግዚአብሔር ፊት ስለ ነፍሳት ትማልዳለች፤ በሲኦል የሚቀጡትም በእርሷ ቀን ከሥቃያቸው ያርፋሉ። የሚገርመው፣ በሲኦል ያሉ ኃጥአን በሰንበት ያርፋሉ የሚለው ሐሳብ ከእነሱ ምንም ደብዳቤ ባልደረሳቸው በረበናቱም ዘንድ ይገኛል። በሁለት ዓለም የተለያዩ አይሁድ፣ ቅጣት እንኳ ሳምንታዊ ዕረፍት ሊኖረው ይገባል በሚለው ተገናኙ።

ቤተ እስራኤል ስለ በደል የሚናገሩበት ታላቅ ቀን ስግድ ነው። ከማስተስረያ ቀን በኋላ በኃምሳኛው ቀን ሕዝቡ እስከ እኩለ ቀን ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶቹ ከኦሪትና ከነህምያ መጽሐፍ ያነብባሉ፤ ሕዝቡ የራሱንና የአባቶቹን በደል ይናዘዛል፤ ቃል ኪዳኑን ያድሳል፤ ከዚያም ወርዶ በደስታ ይበላል። በጎንደር አምቦበር ለረጅም ጊዜ የታወቀ የስግድ ስፍራ ነበረች። የእስራኤል ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 በዓሉን በሕግ አጽድቆታል። የበዓሉ ሌላ ስም ምን እንደሆነ ባወቅሁ ጊዜ ግን መጽሐፉን አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ ቀና አልሁ፤ ምሕልላ ነው። በጮቄ ሥር ድንጋይ ተሸክመን የዞርንበት ምሕላ፣ በአምቦበር ተራራ ላይ ከሚሰማው ምሕልላ ጋር አንድ ቃል ነው።

ታዲያ ጠዋት በአንድ ቃል የሚለምን ሕዝብ ማታ ለምን ጎረቤቱን ይወነጅላል? ለዚህ የታሪክ ምስክር አለ። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን በጦር ካሸነፈ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን የሚል ዐዋጅ እንዳወጣ በታሪክ ተጽፏል። ኋላ ለስድብ የዋለው ፈላሻ የሚለው ስም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ርስት የሌለው ሰው በሌላው መሬት ላይ ጭሰኛ ይሆናል፣ ወይም በእጁ ያድራል። ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ መሥራት፣ ሸማ መሸመን የእነሱ እንጀራ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተገለበጠ። ብረት የሚሠራ ቡዳ ነው ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዐይኑ ሰውና አዝመራ ይበላል ተባለ። ርስት ማጣታቸውም የእግዚአብሔር ቅጣት ተደርጎ ተነገረ። የንጉሥ ቅጣት በሰማይ ስም ተጠራ ማለት ነው። ይህ ወሬ በቤተ እስራኤል ላይ ብቻ አልቆመም፤ በጎጃምም ሆነ በሌላው አገር ማንኛውንም ባለ እጅ ተከተለው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን እንዳይሰድቡ በዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ዐዋጁን አልሰማም።

እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሐሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ የቤተ እስራኤል ሰዎችን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ጉዞ ጀመሩ። ጊዜው የዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያንም ስብከት ያጠናከሩበት ወቅት ነበር። ተጓዦቹ እግዚአብሔር ለአባቶቻቸው እንዳደረገው ባሕሩን ይከፍልልናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ትግራይ ሲደርሱ ረኀብና በሽታ ብዙዎቹን ፈጃቸው፤ የተረፉት ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ፣ ከፊሎቹ ተመለሱ። ስለ ጉዞው ሳነብ አንድ ነገር አላስችል ይለኛል። እነዚህ ሰዎች የሄዱት ዋጋ ለማግኘት በሕጋቸው ጸንተው ነው፤ በኢዮብ ወዳጆች ሚዛን ቢመዘኑ ግን የሞቱት ሁሉ በዳይ ሊባሉ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ የልጅ ልጆቻቸው በሱዳን በረሃ አቋርጠው ሲሄዱ ወደ 4,000 የሚሆኑት በመንገድና በመጠለያ ሞቱ፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከዚያ በኋላ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከአንድ ሕዝብ አንዱ በአሸዋ ላይ ቀረ፣ ሌላው በአየር ገባ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የጽድቅ ነው ለማለት የሚደፍር ካለ፣ እኔ ከእርሱ ጋር አልቆምም።

ጎጃምም የራሱ መከራ አለው። በጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውኃ በድርቡሾች ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። በዚያው ዘመን ጣሊያኖች ለጦራቸው ቀለብ በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት እልቂት ገባ፤ ካገሩ ከብት ከዐሥሩ ዘጠኙን እንደፈጀ ይገመታል። በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከምኒልክ ጋር መክረውብኛል ያሉት ዐፄ ዮሐንስ ጎጃምን በጦር አጠፉ። ድርቁ፣ አንበጣው፣ ተምቹ ተከተለ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ያላረሰ አልበላም። እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውን ያን ዘመን ክፉ ቀን ብለን እንጠራዋለን። ከአገሩ ሕዝብ ሢሶው አለቀ የሚል ግምት አለ፤ ቤተ እስራኤል ደግሞ ከግማሽ በላይ እንደጠፉ የሚገምቱ አሉ። ረኀቡ የክርስቲያኑን ምሕላና የቤተ እስራኤልን ምሕልላ አልለየም።

በክፉ ቀን «በኃጢአታችን ነው» ያለውን ገበሬ ልንቀው አልችልም። ከብቱን የገደለው በሽታ በመርከብ እንደ መጣ አያውቅም ነበር፤ ቢያውቅም ምን ያደርግ ነበር? በቀረው ጉልበቱ የያዘው የራሱን ድርሻ ነው። ዐፄ ምኒልክም በዚያ ጊዜ ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው ይነገራል፤ ይህም በእጅ የሚደረግ ምሕላ ነው። ነገር ግን ያው ቃል ከሌላ አፍ ሲወጣ ሥራው ይለወጣል። አገር ያጠፋ ጦር አዝማች ስለ ተጎጂው «ኃጢአቱ ነው» ሲል የገዛ ሰይፉን ደበቀ ማለት ነው። የዋጋና የቅጣት ትምህርት እውነትነቱን በሰማይ ሚዛን ላይ የሚያጣራው ፈጣሪ ነው፤ በምድር ላይ ግን ማን ስለ ማን እንደተናገረው እኛም ልናጣራ እንችላለን።

አሁን ወደ ምስክርነቴ ልመለስ። በረዶው ከመውረዱ አንድ ቀን በፊት ከብት እየጠበቅሁ ሳለ የቀጥቃጩ ሚስት እንስራ አዝላ ከወንዝ ስትመጣ በማሳችን ዳር አገኘችኝ። ቆም አለችና እንስራዋን አመቻችታ «ልጄ፣ ዘንድሮስ እሸቱ ያማረ ነው፤ እሰይ፣ ይባርክላችሁ» አለችኝ። «አሜን» አልኋት። ያየሁት ይህን ነው። በማግስቱ ማታ ትልልቆቹ «ማን አያት?» ሲሉ፣ ሁሉም ወደ እኔ እንዲዞር ፈልጌ «እኔ አይቻታለሁ፤ ገብሱን ትኩር ብላ አየችው» አልሁ። ስለ ምርቃቷ አልተናገርሁም። አሜን ማለቴንም አልተናገርሁም።

በዚያ ሳምንት በቤታቸው ጣራ ላይ ድንጋይ ተወረወረ። እሳት ለመጫር እንኳ ወደ እነሱ የሚሄድ ጠፋ። አንድ ጠዋት በሩ ተከፍቶ፣ ወናፉም መስፉም ተነሥቶ ተገኘ። ወዴት እንደሄዱ የጠየቀ የለም። መስከረም ሳይወጣ፣ በረዶው በመታው መሬት ላይ ጓያ ለመዝራት ገበሬው ሁሉ ሲነሣ ማረሻ የሚስልለት አጣ። አባቴ ማረሻውን በትከሻው ይዞ ደብረ ማርቆስ ድረስ ወርዶ በማግስቱ ተመለሰ፤ ጓያውም ዘገየ። ይህንንም ቅጣት ነው ያሉ ነበሩ። የደብሩ አለቃ ግን ሰምተው «እንዲህ ያለውን እንኳ ወደ ሰማይ አትስደዱት» አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ምሕላ ተያዘ። አለቃው እንደ ልማዳቸው በደላችንን ቆጠሩ፤ ድንበሩን፣ የሐሰት መሐላውን፣ የሠራተኛውን ዋጋ። እኔ ትንሽ ድንጋይ ይዤ በልጆች መካከል ቆሜ የቀጥቃጩ ሚስት ትጠራለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተጠራችም። ሕዝቡ «እውነት ነው» ሲል እኔም አብሬ አልሁ። ዕዝራ ከኃጥአን ጋር መቆጠሩን የመረጠው ጻድቅ ሆኖ ሳለ ነው። እኔ ግን የምመርጠው የለኝም፤ አየኋት ብዬ የመሰከርሁት እኔ ነኝ፣ የመረቀችንም እሷ ናት።